ሰፊ ሌንስ በጠባብ መንገድ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 1999 የቱር ደ ፍራንስ ብስክሌተኞች ከጣሊያኗ ሴስትሪየር ተነስተው ወደ ፈረንሳዩ አልፕ ዱዌዝ እየወጡ ነበር። በ21 ጠመዝማዛ ኩርባዎቹ የሚታወቀው አቀበት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጣሊያናዊው ጁዜፔ ጉዌሪኒ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን ከፊት ሆነ። መንገዱ ግራና ቀኙ በሰው ተጨናንቋል። በዚህ መሐል አንድ ወጣት ተመልካች ካሜራውን ዓይኑ ላይ ደግኖ መሐል አስፋልት ላይ ቆመ። ጉዌሪኒ እየቀረበ ነው፤ ወጣቱ አሁንም በካሜራው ውስጥ ያያል። ልሽሽ ሲል ጊዜው አልፎ ነበር። ተጋጩ፤ ብስክሌተኛው ከነብስክሌቱ ወደቀ። ደግነቱ ፈጥኖ ተነሳ፤ እንደገና ፔዳሉን መትቶ የዕለቱን ውድድር አሸነፈ።

ካሜራ ዓይኑ ላይ የደገነ ሰው ርቀት ይጠፋዋል። ሌንሱ ሰፊ በሆነ ቁጥር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። 16 ሚሊ ሜትር ሌንስ አንድን ነገር 50 ሚሊ ሜትር ከሚያሳየው መጠን ሲሶውን ብቻ አድርጎ ያሳያል። አምስት ሜትር ላይ የደረሰ ብስክሌተኛ አሥራ አምስት ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ፎቶ አንሺው «ገና ነው» ሲል ብስክሌተኛው ደርሷል።

ለብስክሌት ውድድር ዋይድ ዙም ሌንስ መምረጥን በተመለከተ የሚባለው ሁሉ ከዚህ እውነት ይነሳል። ገዢው ብዙ ጊዜ ወደ ሱቅ የሚገባው «ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ኤፍ ስንት ነው?» እያለ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸው የሚገኘው ግን «ከብስክሌተኛው ስንት ሜትር ርቄ ነው የምቆመው?» የሚለው ከተመለሰ በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ እምነት ይህ ነው፦ ዋይድ ሌንስ የሚመረጠው በርቀት ነው፤ ርቀቱ ከታወቀ ሌላው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ስታዲየም የሌለው ስፖርት

70–200 የመሳሰለው ረጅም ሌንስ ብስክሌተኛውን ከአካባቢው ነጥሎ ያወጣዋል። ላቡን፣ የተነከሰ ከንፈሩን፣ የተገታተረ የክንዱን ጅማት እናያለን። የት እንዳለ ግን አናውቅም። ከኋላው ያለው ተራራ ወደ አረንጓዴ ጭጋግ ተቀይሯል፤ ስሙን እየጠራ የሚጮኸው ሕዝብም የቀለም ነጠብጣብ ሆኗል።

የጎዳና ብስክሌት ስታዲየም የለውም። ሜዳው ተራራው ነው፤ የገበሬው ማሳ ነው፤ የሠፈሩ ኮብልስቶን ነው። ተመልካቹም ቲኬት ሳይቆርጥ ከደጁ ብቅ ብሎ የሚያየው ስፖርት ነው። ስለዚህ ቦታውና ሰዉ የሌሉበት የብስክሌት ፎቶ ግማሹ የጎደለ ነው። ዋይድ ሌንስ የሚያስፈልገው ይህን ግማሽ ለመመለስ ነው።

ትልልቆቹ ፎቶ አንሺዎች ይህን ቀድመው ተረድተውት ነበር። ሄንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1932 በደቡብ ፈረንሳይ ኢዬር ከተማ ያነሳው ዝነኛ ፎቶ ከጠመዝማዛ ደረጃ አናት ወደ ታች የታየ ነው። ብስክሌተኛው ከታች ሽው ሲል ተደብዝዞ ይታያል፤ ጥርት ብለው የቆሙት ደረጃውና የብረት መደገፊያው ናቸው። ሮበርት ካፓ ደግሞ በጁላይ 1939 ብሪታኒ ውስጥ ፕሌይቤን በምትባል ከተማ ቱር ደ ፍራንስን ሲያነሳ ካሜራውን ወደ ተመልካቾቹ አዞረ። ሰዎቹ የቆሙት ራሱ በዚያ ውድድር ይሳተፍ በነበረው በፒየር ክሎአሬክ የብስክሌት ሱቅ ፊት ለፊት ነበር። በተከታታይ ፎቶዎቹ ውስጥ የልጆቹና የአዋቂዎቹ ዓይን ወደ አንድ ወገን ያማትራል፤ ወዲያው ጭንቅላታቸው ወደ ሌላው ይዞራል። ውድድሩን የምናየው በፊታቸው ነው።

የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው። መጀመሪያ ቦታው ይመረጣል፤ ብስክሌተኛው ቀጥሎ ይመጣል።

ዙም የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ነጠላ ርዝመት ያላቸው ፕራይም ሌንሶች ቀላልና ጥርት ያሉ ናቸው፤ በመንገድ ዳር ግን ፎቶ አንሺው እግሩን እንደልቡ አያንቀሳቅስም። ከኋላው ሕዝብ ነው፤ ከፊቱ የብረት አጥር ወይም ውድድሩ ራሱ ነው። አንድ እርምጃ ወደፊት መሄድ ክልክል፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ መሄድ የማይቻል ሲሆን፣ የእግርን ሥራ የሚሠራው የዙሙ ቀለበት ነው።

በአንድ ስሌት የሚያልቅ ክርክር

«16 ይሻላል ወይስ 24?» የሚለው ክርክር ካልኩሌተር እንኳ የማይጠይቅ መልስ አለው። የፉል ፍሬም ሴንሰር ወርድ 36 ሚሊ ሜትር ነው። 36ን ለሌንሱ ርዝመት አካፍሎ ከብስክሌተኛው ባለው ርቀት ማባዛት ነው፤ የሚገኘው ቁጥር በፎቶው ውስጥ የሚገባውን የቦታ ወርድ በሜትር ይነግረናል።

ሁለት ሜትር ላይ ቆመናል እንበል። በ16 ሚሊ ሜትር አራት ሜትር ተኩል ወርድ ይገባል፤ በ24 ሦስት ሜትር፤ በ35 ሁለት ሜትር ገደማ። አንድ የውድድር ብስክሌት ከጎማ እስከ ጎማ 1.7 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በ35 ብስክሌቱ ፍሬሙን ሞልቶት ለአካባቢው ቦታ አይተርፍም። በ24 ብስክሌተኛውም ከጎኑ የቆመው ተመልካችም ይገባሉ። በ16 ብስክሌተኛው የፎቶውን ሲሶ ጥቂት አልፎ ይይዛል፤ ቀሪው ለሕዝቡ፣ ለቤቱና ለሰማዩ ነው።

አራት ሜትር ላይ ስንቆም ቁጥሮቹ እጥፍ ይሆናሉ፤ በ16 ዘጠኝ ሜትር፣ በ24 ስድስት፣ በ35 አራት። በዚህ ርቀት 16 ብዙ ባዶ አስፋልት ያስገባል፤ ብስክሌተኛው ያንስና ፎቶው ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ዋይድ ሌንስ የገዙ ብዙ ሰዎች «ፎቶዬ ባዶ ሆነብኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። ሌንሱ የሚፈልገውን ቅርበት አላገኘም።

ክሮፕ ሴንሰር (ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር) ያለው ካሜራ የያዘ ሰው ከ36 ይልቅ 24 ገደማን ይውሰድ። ለእሱ 10 ሚሊ ሜትር የሚሰጠው እይታ በፉል ፍሬም 15 ወይም 16 ከሚሰጠው ጋር ተቀራራቢ ነው። 16–35 ሌንስ በክሮፕ ካሜራ ላይ ሲታሰር በሰፊው ጫፉ እንደ 24 ነው የሚያየው። ዋጋውን ከመክፈል በፊት ይህን ማወቅ ግድ ነው።

የኪጋሊ አቀበቶች

ስሌቱ መሬት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ለማየት ከኪጋሊ የተሻለ ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ የሚካሄደው የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር የተካሄደው ከሴፕቴምበር 21 እስከ 28 ቀን 2025 በሩዋንዳ ዋና ከተማ ነው። በመጨረሻው ዕለት የተካሄደው የወንዶች ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው፤ አቀበቱ ሲደመር ከ5,400 ሜትር ይበልጣል። ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር አሸነፈ፤ ቤልጂየማዊው ሬምኮ ኤቨኔፖል ሁለተኛ፣ አየርላንዳዊው ቤን ሂሊ ሦስተኛ ሆኑ። ውድድሩን የጨረሱት 30 ብቻ ናቸው።

ለፎቶ አንሺ ከውጤቱ ይልቅ የመንገዱ ካርታ ነው ዋናው። የኪጋሊ ግንብ የተባለው አቀበት 400 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ተዳፋቱ 11 በመቶ የሚደርስ የኮብልስቶን መንገድ ነው። ሰዉ ግጥግጥ ብሎ የሚቆምበት፣ በምስል ሁሉ የሚታወቀው ይህ ነው። ወንዶቹ ግን ያለፉበት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። የኪሚሁሩራ አቀበት በዝና ቢያንስም 1.3 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ እሱም ኮብልስቶን ነው። በከተማው ዙር ውስጥ ስላለ ብስክሌተኞቹ 15 ጊዜ ወጥተውታል።

ልዩነቱ ለሌንስ ምርጫ ትልቅ ትርጉም አለው። ግንቡ ላይ የሚቆም ሰው አንድ ዕድል ነው ያለው። ሌንሱን ቀድሞ 24 አካባቢ አቁሞ፣ ፎከሱን ቀድሞ አስተካክሎ፣ ብስክሌተኛው ሲደርስ መጫን ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ኪሚሁሩራ ላይ ግን የዙሙ ጥቅም ሙሉ በሙሉ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ቡድኑ ገና ተጠጋግቶ ሲመጣ 16 ላይ ሆኖ ሕዝቡን፣ ኮረብታውንና የብስክሌቱን ጎርፍ በአንድ ላይ ማንሳት ይቻላል። ውድድሩ ሲበታተንና አንድ ሰው ብቻውን ሲወጣ ቀለበቱን ወደ 35 መሳብ ይበቃል።

ብርሃኑም የራሱ ጠባይ አለው። ኪጋሊ ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ 2 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። በሴፕቴምበር ማብቂያ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ነች፤ የሄልሜቱ ጥላ ዓይንን ይሸፍናል። ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው በዚህ ሰዓት ብዙ የሚያደርገው ነገር የለም። ዋይድ የያዘ ግን ካሜራውን ጉልበቱ ድረስ ዝቅ አድርጎ ከሥር ወደ ላይ ማንሳት ይችላል። ፊቱ ከሄልሜቱ ጥላ ሥር በከፊል ይወጣል፤ ከኋላው ሰማዩ ይገባል፤ ከፊት ድንጋዩ እየሰፋ ይመጣል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ራሷን ፍሬም ውስጥ ማስገባት ይቻላል። እዚህ ላይ የአፐርቸሩ ምላጮች ቁጥር ትርጉም አለው። ምላጮቹ 9 ከሆኑ ኤፍ 16 ላይ 18 ጨረር ያላት ፀሐይ ትወጣለች፤ 8 ከሆኑ 8 ብቻ።

ሰፊ ሌንስ ፍጥነትን አይምርም

«በዋይድ ስታነሳ ሸተሩ ቢዘገይም ችግር የለውም» የሚል አባባል አለ። ለእጅ መንቀጥቀጥ እውነት ነው፤ ለሚሮጥ ብስክሌት ግን አይሠራም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው በሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። የሸተር ፍጥነቱ 1/1000 ቢሆን እንኳ ፎቶው እስኪነሳ 11 ሚሊ ሜትር ተጉዟል። ብስክሌተኛው ፍሬሙን በሞላ ቁጥር ይህ ጉዞ ጎልቶ ይታያል። ሁለት ሜትር ላይ ከፊታችን አቋርጦ ለሚያልፍ ብስክሌተኛ 1/2000 ወይም 1/4000 ያስፈልጋል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር አቀበት ለሚወጣ ግን 1/1000 በቂ ነው፤ ጉዞው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና። ለዋይድ ሌንስ አቀበት የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የጊዜ ምርጫ ነው። ካሜራው በሴኮንድ 10 ፎቶ የሚያነሳ ከሆነ በሁለት ፎቶዎች መካከል በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጋልበው ብስክሌተኛ አንድ ሜትር ከአሥር ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። በረጅም ሌንስ 50 ሜትር ላይ ሲሆን ለውጡ አይታወቅም፤ ሃያ ፎቶ ቢነሳ ሃያውም ተመሳሳይ ነው። በዋይድ ግን ብስክሌተኛው በአንዱ ፎቶ 2.2 ሜትር ላይ ከነበረ በሚቀጥለው 1.1 ሜትር ላይ ነው፤ መጠኑ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። የምንፈልገው ቅጽበት በሁለቱ መካከል አምልጧል። ስለዚህ በዋይድ የሚያነሳ ሰው መሣሪያውን እንደ መትረየስ ከማንጣጣት ይልቅ አንዷን ቅጽበት ጠብቆ መጫን መልመድ አለበት።

እንቅስቃሴውን ማሳየት የሚፈልግ ሸተሩን ወደ 1/30 አውርዶ ካሜራውን ከብስክሌተኛው ጋር አብሮ ያዙር። በሰፊ ሌንስ ከቅርብ ሲሠራ ጥርት ብሎ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ጭንቅላቱና ትከሻው ብቻ ነው። ብስክሌተኛው እያለፈ ሲሄድ የምናየው ጎኑ ስለሚቀያየር ጎማዎቹና እግሮቹ ይሳባሉ። ሲሳካ ከቆመው ፎቶ የበለጠ ስለ ፍጥነት ይናገራል።

ጠርዝ ላይ ያለ ፊት

ዋይድ ሌንሶች ቀጥ ያለ መስመርን ቀጥ አድርገው ለማሳየት ዋጋ ይከፍላሉ። ዋጋው የሚከፈለው ጠርዝ ላይ ነው። በ16 ሚሊ ሜትር በፍሬሙ የግራ ወይም የቀኝ ጠርዝ ላይ የወደቀ የሰው ጭንቅላት ከእውነተኛው ግማሽ ያህል ይሰፋል። በ24 ሩብ ያህል፤ በ35 ከአንድ ስምንተኛ አይበልጥም። በጎኑ ለእኛ ትይዩ ሆኖ የሚያልፍ ጎማ ግን ጠርዝ ላይም ቢሆን ክብነቱን ይጠብቃል፤ የሚዛባው ጥልቀት ያለው ነገር ነው።

ይህ ለሰው ክብር ለሚጨነቅ ፎቶ አንሺ ቀላል ነገር አይደለም። በአቀበቱ ዳር ለሰዓታት ቆመው የጠበቁ እናት ፊታቸው ተለጥጦ ጋዜጣ ላይ ሊወጡ አይገባም። ስለዚህ በ16 ስናነሳ ጠርዙን ለዛፍ፣ ለግድግዳ፣ ለመንገድ እንተውና ሰዎቹን ወደ መሐል ሁለት ሦስተኛ ክፍል እናስገባ። ሰው ጠርዙን መሙላት ካለበት ቀለበቱ ወደ 24 ይዙር። ካሜራውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማዘንበልም ቤቶችንና የመብራት ምሰሶዎችን ያጋድማል፤ ቀጥ አድርጎ መያዝ ብዙ ችግር ያቃልላል።

ከ14 በታች የሚወርዱ ሌንሶችን ለብስክሌት የማልመክረው ለዚሁ ነው። 12–24 ድንቅ የሕንፃና የመልክዓ ምድር መሣሪያ ነው። በመንገድ ዳር ግን 12 ሚሊ ሜትር ብስክሌተኛው ጎልቶ እንዲታይ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች መቅረብን ይጠይቃል፤ እዚያ መቆም ደግሞ አይፈቀድም፤ ሊፈቀድም አይገባም።

ኤፍ 2.8 ወይስ ኤፍ 4?

የገዢዎች ኪስ በብዛት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ኤፍ 2.8 ከኤፍ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ይህ ልዩነት በረጅም ሌንስ ላይ ብስክሌተኛውን ከጀርባው ለመነጠል ይረዳል። በዋይድ ላይ ግን ፍላጎታችን ተቃራኒው ነው፤ ቦታው እንዲታይ እንጂ እንዲጠፋ አንፈልግም።

24 ሚሊ ሜትር ላይ ሆነን፣ ኤፍ 4 ከፍተን፣ ፎከሱን 2.5 ሜትር ላይ ብናቆም ከ1.6 እስከ 5 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። ብስክሌተኛው በዚህ ክልል ውስጥ ሲገባ የካሜራው ፎከስ ፍጥነት እንኳ አያሳስብም። በኤፍ 2.8 ክልሉ ከ1.8 እስከ 3.9 ሜትር ይጠብባል። 16 ሚሊ ሜትር ላይ ኤፍ 8 አድርገን ፎከሱን አንድ ሜትር ከአሥር ላይ ብንቆልፈው ደግሞ ከግማሽ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ አድማስ ጥርት ይላል። የቀን ብርሃን ባለበት ውድድር ላይ የምንሠራው በአብዛኛው ከኤፍ 5.6 እስከ ኤፍ 8 ነው። ኤፍ 2.8ን ከፍለን ገዝተን ዘግተን እንጠቀምበታለን ማለት ነው።

ኤፍ 2.8 ዋጋውን የሚያወጣበት ሥራም አለ። ሲመሽ የሚካሄድ ውድድር፣ ጣሪያ ያለው ቬሎድሮም፣ ከውድድሩ በፊት በቡድኖቹ አውቶቡስ ውስጥ፣ ጎሕ ሲቀድ መካኒኮቹ ብስክሌት ሲያዘጋጁ። ከስፖርቱ ጎን ሠርግና የምሽት ዝግጅት የሚሠራ ፎቶ አንሺም በአንድ ሌንስ ሁለቱንም ይሸፍናል። ለእንዲህ ያለው ሰው ኤፍ 2.8 ትክክለኛ ምርጫ ነው። በቀን ብርሃን መንገድ ዳር ለሚቆም ግን ኤፍ 4 ይበቃል።

በገበያው ላይ

ካኖን ዲኤስኤልአር ለያዘ ሰው ሁለት የታወቁ ባለ ኤፍ 4 ሌንሶች አሉ። ኢኤፍ 17–40 እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ በሁለተኛ እጅ ገበያ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኝ ነው፤ ጠርዙ ላይ ግን ይለሰልሳል። በ2014 የወጣው ኢኤፍ 16–35 ኤፍ 4 በ615 ግራም ክብደቱ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ጥርት ያለ ነው፤ በዚህ ወገን የማስቀድመው እሱን ነው። ሁለቱም በአዳፕተር አዲሶቹ የካኖን ሚረርለስ ካሜራዎች ላይ ይሠራሉ፤ ካሜራ ሲቀየር ሌንሱ አይጣልም።

ኒኮን ዜድ የያዘ 14–30 ኤፍ 4ን ይመልከት። 485 ግራም ነው፤ 14 ድረስ ሰፍቶም 82 ሚሊ ሜትር ፊልተር በፊቱ ይቀበላል። ለዲኤስኤልአር የተሠራው የቀድሞው የኒኮን 14–24 ኤፍ 2.8 በጥራቱ የተከበረ ነው፤ ሆኖም አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የፊት መስታወቱ ጎብጦ ስለሚወጣ የሚጠመዘዝ ፊልተር አይገባለትም። አቧራ፣ የውኃ ጠርሙስና የሚረጭ ሻምፓኝ ባለበት ስፖርት ፊቱ የተራቆተ ሌንስ ያሳስባል።

ለሶኒ ካሜራ 16–35 ኤፍ 4 ፒዜድ 353 ግራም ብቻ ነው። ከኤፍ 2.8 ወገን በ2023 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ጂ ማስተር 16–35፣ 547 ግራም ይመዝናል፤ የ2017ቱ 680 ነበር። የታምሮን 17–28 ኤፍ 2.8 ደግሞ 420 ግራም ሆኖ ዋጋውም ዝቅ ይላል፤ በ28 ማለቁን ግን መዘንጋት የለበትም። ለክሮፕ ካሜራ የካኖን ኢኤፍ-ኤስ 10–18 240 ግራም፣ በ2023 የወጣው የሲግማ 10–18 ኤፍ 2.8 ደግሞ 260 ግራም ነው።

ክብደቱን ደጋግሜ የማነሳው በምክንያት ነው። የብስክሌት ፎቶ አንሺ አንዱን ካሜራ ከ70–200፣ ሌላውን ከዋይድ ጋር ይዞ አቀበት ይወጣል። በ35 እና በ70 መካከል ያለው ክፍተት እምብዛም አይጎዳውም፤ ከሰዓት በኋላ የሚያመው ትከሻ ግን ፎቶውን ይጎዳዋል።

ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው ሱቁ ደጃፍ ላይ ሊያደርገው የሚገባ ፈተና አለ። ሌንሱን በሰፊው ጫፍ፣ አፐርቸሩን ሙሉ ከፍቶ፣ ወደ ሸክላ ጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት አነጣጥሮ ያንሳ። ከዚያ አራቱን ማዕዘኖች ያጉላ። አራቱም እኩል ከለሰለሱ የሌንሱ ጠባይ ነው። አንዱ ወገን ጥርት፣ ሌላው ድብዝዝ ካለ ሌንሱ ወድቆ ወይም ተፈትቶ ተገጥሞ ሊሆን ይችላል፤ ይቅርብኝ ማለት ነው። የዙሙ ቀለበት ሲዞር አሸዋ ያለበት የሚመስል ድምፅ ካሰማም እንዲሁ።

ከአጥሩ ወዲህ

በዋይድ ሌንስ የሚሠራ ሰው ከሌላው ፎቶ አንሺ የከበደ ኃላፊነት አለበት፤ የሚቆመው ከሁሉም ቀርቦ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1994 የቱር ደ ፍራንስ መክፈቻ ሳምንት አርማንቲዬር ከተማ መጨረሻ መስመር አጠገብ ፎቶ ለማንሳት ከአጥሩ ወጣ ያለ ፖሊስ በሙሉ ፍጥነት ከሚመጡት ብስክሌተኞች ጋር ተጋጭቶ ቪልፍሪድ ኔሊሰንና ሎራን ዣላቤር ክፉኛ ተጎድተዋል። በ2018 ደግሞ ቪንቼንዞ ኒባሊ አልፕ ዱዌዝ ላይ ሲወድቅ የተመልካች ካሜራ ማሰሪያ መሪውን እንደጠለፈው በሰፊው ተዘግቧል። የጀርባ አጥንቱ ተሰብሮ ከውድድሩ ወጣ።

ስለዚህ ማሰሪያው አጭር ይሁን፤ ክንድ ላይ ይጠምጠም እንጂ አይንጠልጠል። ክንድ ከአጥሩ አያልፍ። ፍሬሙ ቀድሞ ይስተካከልና ብስክሌተኛው ሲመጣ አንደኛው ዓይን ከካሜራው ውጭ ይሁን፤ ሌንሱ የደበቀውን ርቀት የሚነግረን እሱ ነው። ጀርባው የሚታጠፍ ስክሪን ያለው ካሜራ ለዚህ ምቹ ነው። ዝናብ ካለም ደረቅ ጨርቅ እጅ ላይ ይኑር። የዋይድ ሌንስ ሁድ አጭር ስለሆነ መስታወቱን ከጠብታ አያድነውም፤ ከቅርብ እስከ ሩቅ ጥርት የሚያደርገው ባህርዩም ጠብታዋን ራሷን ፎቶው ላይ ያወጣታል።

ለእኛ ፎቶ አንሺዎች

የአፍሪካ ቀንድና ብስክሌት የቆየ ትውውቅ አላቸው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ በተሳተፈችበት እ.ኤ.አ. የ1956ቱ ሜልቦርን ልዑካን ውስጥ ብስክሌተኞች ነበሩ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማሊያ ወስዷል። የእነዚህን ሰዎች ፊት በረጅም ሌንስ የሚያሳዩን የውጭ ፎቶ አንሺዎች አሉ። ያደጉበትን መንገድ፣ ያጨበጨበላቸውን ሠፈር፣ አቀበቱን ከነሰዉ ማሳየት ግን ቦታውን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

ለመለማመድ የግድ የዓለም ሻምፒዮና አያስፈልግም። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማቱ ያመጣቸው የብስክሌት መንገዶች ላይ፣ መስቀል አደባባይም ቢሆን፣ በእጅ ያለውን መደበኛ ሌንስ 24 (በክሮፕ ካሜራ 18) ላይ አቁሞ የሚያልፉ ብስክሌተኞችን ማንሳት ይቻላል። ከዚያ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ የተሳኩት በስንት ሚሊ ሜትርና በምን ያህል ርቀት እንደተነሱ መመልከት ነው። የተሳኩት ሁሉ እዚያው አካባቢ ከሆኑ ለጊዜው አዲስ ሌንስ አያስፈልግም፤ ባለው መቅረብን መልመድ ይበቃል። በተደጋጋሚ ሕዝቡ ወይም ተራራው እየተቆረጠ ከወጣ የ16–35 (በክሮፕ ካሜራ የ10–18) ጊዜ ደርሷል።

ያን ጊዜ ምክሬ ግልጽ ነው። ኤፍ 4፣ ከ16 እስከ 35፣ ፊልተር የሚቀበል፣ ከአቧራና ከጠብታ የተጠበቀ፣ ቀላል። ከኤፍ 2.8 ዋጋ የሚተርፈው ገንዘብ ፎቶ አንሺውን ውድድሩ ወዳለበት ከተማ አድርሶ ሁለት ሌሊት ያሳድረዋል፤ ቀድሞ ደርሶ አቀበቱን በእግሩ የወጣ፣ የሚቆምበትን ድንጋይ የመረጠ፣ ከሠፈሩ ሰው ጋር የተዋወቀ ፎቶ አንሺ ይዞት የሚመለሰውን ፎቶ ደግሞ የትኛውም ውድ መስታወት ብቻውን ሊሰጥ አይችልም።